ዋት እና ዋት-ሰዓት፦ ፓወር ስቴሽን ሲገዛ የሚያምታታው ቁጥር

ጅማ ላይ መብራት ሄድ መለስ ማለት ሲጀምር ፓወር ስቴሽን (ተሞልቶ የሚቀመጥ፣ ዕቃ የሚሰካበት ትልቅ ባትሪ) ጠያቂው ይበዛል። ሻጩ «ባለ 1000 ነው» ይላችኋል። የምን 1000?

ዋት ማለት ዕቃው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ዋት-ሰዓት ደግሞ ውስጡ የተጠራቀመው ኃይል። አንዱ የቧንቧው ስፋት፣ ሌላው የሮቶው መጠን በሉት።

ባለ 500 ዋት-ሰዓት ላይ 10 ዋት የሚበላ ራውተርና 15 ዋት አምፖል ብትሰኩ በስሌት 20 ሰዓት ይወጣል። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ክፍል) ራሱ ስለሚበላ ግን ከዚያ ቀንሱ፤ 15 ሰዓት ከሠራ ደህና ነው።

የእንጀራ ምጣዱን እርሱት። 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚስብ ትንንሾቹ ገና ሲሰካ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ፍሪጅም ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ ለቤት የሚገዛ ሰው «ሰርጅ» የሚለውን ቁጥር (ዕቃው ለቅጽበት የሚችለውን ከፍተኛ ዋት) ሳያይ ብር አይቁጠር። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ክብደቱ ግን አይጣል ነው።

በለጠ-ጌራ ደን ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ግን ለስልክና ለመብራት 300 ዋት-ሰዓት ይተርፋል። በሶላር እሞላዋለሁ ካላችሁ፣ በጅማ ክረምት ደመና ፓነሉ ላይ የተጻፈውን ዋት አትጠብቁ።