«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው»፦ ትርጉሙ፣ መነሻው እና የናይጄሪያ ነዳጅ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል፣ በደጁ የተትረፈረፈ ሀብት እያለ በዚያው ሀብት እጦት የተቸገረን ሰው ወይም አገር ለመግለጽ ይነገራል። የባለ ወፍጮ ልጅ ዱቄት አጥቶ ሲያድር፣ የመምህር ልጅ ፊደል ሳይለይ ሲያድግ የሚሰማ አባባል ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በፌዝ ቃና ስለሆነ፣ አድማጩም «ጎንበስ ብሎ መጠጣት እንኳ አቃተው?» የሚል ስሜት ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ይህን ፌዝ አባባሉ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ሰዋስዉም ሆነ መነሻው ለልጁ ያደላሉ።

በመጀመሪያ «የዓባይ ልጅ» ከማለት ይልቅ «የዓባይን ልጅ» መባሉ ልብ ይባል። በአማርኛ ጥማት በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ውኃ ጠማኝ» ስንል ተናጋሪው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሳቢ ሆኖ ይቀመጣል። በአባባሉ ውስጥ የገባችው «ን»ም ልጁን ከባለቤትነት አውጥታ ተሳቢ የምታደርግ ናት (ብዙ ሰው ሲቸኩል ይጥላታል፤ ባይጥላት ደስ ይለኛል)። አባባሉ ልጁ ምን እንዳጠፋ አንዳች አይልም፤ የሚለው ምን እንደ ደረሰበት ነው።

መነሻውን ለመረዳት ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ ይዞ የዓባይን በረሃ ማቋረጥ ይበቃል። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ሲዞር መሬቱን እየቦረቦረ ስለ ወረደ፣ በጎጃም በኩልም ሆነ በሸዋና በወሎ በኩል ያለው ደገኛ የሚኖረው ከወንዙ ራቅ ብሎ ከገደሉ አናት ላይ ነው። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሶ ድልድዩ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ ያስፈልጋል፤ አፋፉ ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ እታች ሲደረስ በወላፈን ይተካል። አፋፉ ላይ የቆመች ሴት በክረምት የወንዙን ድፍርስ ውኃ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ታየዋለች፤ ቢጫ ጀሪካኗን የምትሞላው ግን በሌላ አቅጣጫ ካለች ቀጭን ምንጭ፣ ወረፋ ጠብቃ ነው። ያን ሁሉ ገደል ወርዶ ሃያ ሊትር ተሸክሞ ለመውጣት የሚፈሰው ላብ ከሚገኘው ውኃ አይተናነስምና። የዓባይ ልጅ የተጠማው ከውኃው እስከ አፉ ያለው መንገድ ገደል ስለሆነበት ነው።

አባባሉን በዚህ ትርጉሙ ይዘን ከዓባይ ወደ ሌላ ወንዝ ብንሻገር፣ ከኒጀር ወንዝ ደልታ (ወንዙ ተከፋፍሎ ባሕር ከሚገባበት ረግረግ) ይበልጥ የሚስማማው ቦታ ያለ አይመስለኝም። በናይጄሪያ፣ ኦሎይቢሪ በምትባል የደልታው መንደር፣ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ የተገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ድፍድፍ (ያልተጣራ ነዳጅ) ወደ ውጭ ተላከ። አገሪቱ በ1971 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት የሆነውን ኦፔክን ተቀላቀለች። በፖርት ሃርኮርት፣ በዋሪና በካዱና ያሉት የመንግሥት ማጣሪያዎች በወረቀት ላይ በቀን 445,000 በርሜል የማጣራት አቅም ነበራቸው፤ ሆኖም በብልሽት፣ በጥገና ጉድለትና በሙስና ምክንያት ለዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ኖሩ። በዚህም የተነሳ ድፍድፉ በመርከብ ይወጣ፣ ሌላ አገር የተጣራው ቤንዚን ደግሞ በመርከብ ተመልሶ ይገባ ነበር። ሌጎስ ውስጥ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር መኪናው ማደያ ፊት ለፊት ተሰልፎ ያድር ነበር፤ ከሰልፉ ጎን ደግሞ ወጣቶች ቤንዚን በጀሪካን ይዘው በውድ ይቸረችሩ ነበር። ከውጭ የሚገባው ቤንዚን ለሕዝቡ በርካሽ እንዲደርስ መንግሥት ድጎማ ይከፍል ስለነበር፣ ከነዳጅ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ነዳጅ ለመግዛት ይውል ነበር ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. በበዓለ ሢመታቸው ዕለት ድጎማው ማብቃቱን ሲናገሩ፣ ዋጋው በቀናት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ዘለለ።

በደልታው ራሱ ደግሞ አባባሉ ምሳሌነቱ ቀርቶ ቃል በቃል እውነት ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ስለ ኦጎኒ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ኦጋሌ በተባለ ቦታ ሰው በሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ የነዳጅ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መጠን ከ900 ጊዜ በላይ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። ከዚያ በፊት ይህንኑ ብክለት ሲቃወም የነበረው ጸሐፊ ኬን ሳሮ ዊዋ ከስምንት የኦጎኒ ሰዎች ጋር በኅዳር 1995 እ.ኤ.አ. በወታደራዊው መንግሥት ተሰቅሏል። በወንዝ መካከል ተወልዶ የሚጠጣ ውኃ ያጣን ሰው ለመግለጽ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ጥማቱ በማጣሪያና በብክለት ብቻ አላበቃም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ካካዎ፣ ኦቾሎኒና የዘንባባ ዘይት ለዓለም ትሸጥ ነበር፤ በካኖ የኦቾሎኒ ጆንያ እንደ ፒራሚድ ተከምሮ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነዳጅ ከወጪ ንግዱ ገቢ ከ90 በመቶ በላይ ሲይዝ፣ የጎረፈው ዶላር የአገሪቱን ገንዘብ ከአቅሙ በላይ አከበደው፤ ከውጭ የሚመጣ ስንዴና ሩዝ ረከሰ፣ የገበሬው ምርት በውጭ ገበያ ተወደደ፣ ወጣቱም ሞፈሩን ጥሎ ወደ ከተማ ገባ። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን «የደች በሽታ» ይሉታል። ስያሜውን በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ሲሆን፣ ሆላንድ በግሮኒንገን ጋዝ ካገኘች በኋላ ፋብሪካዎቿ የደረሰባቸውን መዳከም አይቶ ነው። በሽታው የሚነሳው ከማግኘት ነውና ለማስታመም ያስቸግራል፤ ገንዘብ በገባለት ጊዜ «አሞኛል» የሚል መንግሥት የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ነዳጅ ለናይጄሪያ በውጭ ጉዳይ ጉልበት አልሰጣትም ማለት ስሕተት ይሆናል። በ1979 እ.ኤ.አ. የኦባሳንጆ ወታደራዊ መንግሥት፣ እንግሊዝ ለሮዴዥያ (ለዛሬዋ ዚምባብዌ) እና ለደቡብ አፍሪካ የነጮች አገዛዝ የምታሳየውን መለሳለስ በመቃወም የብሪቲሽ ፔትሮሊየምን የናይጄሪያ ድርሻ ወርሷል። በነዳጅ ምክንያት ለንደንን መገሠጽ የቻለ መንግሥት በዚያው ነዳጅ የራሱን ዜጋ ማደያ ማጥገብ አለመቻሉ፣ የውጭ ጉልበትና የውስጥ ጥጋብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

የላኪዎቹን ጉልበት እኛም ቀምሰነዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የዓረብ ነዳጅ ላኪዎች ምርት ቀንሰውና በአሜሪካ ላይ ማዕቀብ ጥለው የአንድ በርሜል ዋጋ በወራት ውስጥ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ገደማ ሲወጣ፣ ጦሱ የባሕር በር አልፎ አዲስ አበባ ገባ። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወታደሮችም በየራሳቸው ጥያቄ ተነሥተው ስለነበር ዓመቱ ሳይዞር ዘውዱ ወደቀ። አብዮቱን ነዳጅ ብቻውን አመጣው አልልም፤ የታክሲው አድማ ግን የዚያ የካቲት የመጀመሪያው ድምፅ ከሆኑት አንዱ ነበር።

ገደሉን በደረጃ የወረደ አገር ቢፈለግ ኖርዌይ ትጠቀሳለች። በሰሜን ባሕር ትልቁ የኤኮፊስክ ነዳጅ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲገኝ አገሪቱ ጠንካራ የግብር ሥርዓትና የሠለጠነ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድማ ነበራት፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ፈንድ በሕግ አቋቋመች፣ ገንዘቡንም ከአገር ውጭ ብቻ እንዲሠራ አደረገች፤ ይህም የአገሪቱ ገንዘብ ክሮነር ከአቅሙ በላይ እንዳይከብድ ይረዳል። ናይጄሪያ «እንደ ኖርዌይ ብትሆን» የሚለው ምክር ግን ፍርደ ገምድል ይመስለኛል፤ በ1956 ገና ከቅኝ ግዛት ያልወጣችን አገር ደረጃ አልሠራሽም ብሎ መክሰስ ነውና። በቅርቡ ሌጎስ አጠገብ በሌኪ የተሠራው፣ በቀን 650,000 በርሜል የሚያጣራው የዳንጎቴ ማጣሪያ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ቤንዚን ማውጣት ጀምሯል። የአገር ውስጥ ድፍድፍ በበቂ ስላልቀረበለት ግን ከአሜሪካ ድፍድፍ እስከ ማስመጣት ደርሷል።

ስለ ዓባይ የሚነገር ሌላም አባባል አለ፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»። የመጀመሪያው አባባል ስለ ቀረው ልጅ ሲናገር፣ ይኸኛው ስለ ሄደው ወንዝና ይዞት ስለ ሄደው አፈርና ግንድ ይናገራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ጥሬ ሀብቱን ብቻ የሚልክ አገር ሙሉ ታሪክ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ሰው «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ብሏል፤ ልክ ነው። አሁን ኢትዮጵያ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኮረንቲ ትሸጣለች። ስለ ልጁ የሚናገረው የፊተኛው አባባል ግን ገና አልተዘጋም። ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመው ሽቦ በብዙ የገጠር መንደር አናት ላይ እየጮኸ ያልፋል፤ ያንን ኮረንቲ ወደ ጎጆ ለማውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋል። ከምሰሶው ሥር ያለ ተማሪ እስከዚያው በኩራዝ ወይም በእጅ ባትሪ ያጠናል።