ዲል ከፈረምኩ ኬዜ አለቀ? በአሜሪካ ስለ ድጋሚ ክስ የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የወንጀል ክስ ጁሪ (ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) ፊት አይደርስም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ በስቴት ደግሞ 94 በመቶው ተከሳሹ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ያመነባቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ከዐቃቤ ሕግ ጋር የተደረገ ድርድር አለ። እዚህ ያለን ሰዎች «ዲል» የምንለው ማለት ነው። ስለ ዲል ቡና ላይ የሚወራው ግን ብዙው ግማሽ እውነት ነው።

«በአንድ ጥፋት ሁለቴ መከሰስ የለም»

አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲህ ያለውን ክስ ይከለክላል፤ ከ1969 ጀምሮም ክልከላው ስቴቶችን ይመለከታል። ችግሩ ስቴትና ፌዴራል እንደ ሁለት የተለያዩ መንግሥታት መቆጠራቸው ነው። ያደረግከው ነገር የሁለቱንም ሕግ ከጣሰ ሁለቱም ሊከሱህ ይችላሉ።

ጋምብል የተባለውን ሰው ጉዳይ እንይ። በ2015 አላባማ፣ ሞባይል ከተማ ውስጥ ፖሊስ የመኪናው የፊት መብራት ተበላሽቷል ብሎ አስቆመው። ሲፈተሽ ሽጉጥ ተገኘ። ቀድሞ በከባድ ወንጀል ስለተፈረደበት መሣሪያ መያዝ አይችልም። በስቴቱ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ ተቀጣ። ከዚያ ፌዴራሉ በዚያው ሽጉጥ ከሰሰውና ሦስት ዓመት ገደማ እስር ተጨመረበት። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 «ይቻላል» አለ። የተቃወሙት ጊንስበርግና ጎርሰች ናቸው፤ በሌላ ጉዳይ እምብዛም የማይስማሙ የነበሩ ሁለት ዳኞች። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ሕጉ ግን ከሰባቱ ጋር ነው።

«ዲል ከተፈረመ በኋላ የሚነካኝ የለም»

ዲል ውል ነው። ውሉን ካፈረስክ የድሮው ክስ ይመለሳል።

በ1976 ፊኒክስ ውስጥ ዶን ቦልስ የተባለ ጋዜጠኛ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። ከተከሳሾቹ አንዱ አዳምሰን በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በሌሎቹ ሁለት ላይ ሊመሰክርም ተስማማ። መሰከረ፣ ተፈረደባቸው። ይግባኝ ላይ ግን ፍርዳቸው ተሻረና ዐቃቤ ሕግ «እንደገና መስክር» አለው። አዳምሰን «ግዴታዬን ጨርሻለሁ» አለ። በአንደኛ ደረጃ ግድያ ተከሰሰና ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት «እሺ፣ እመሰክራለሁ» ቢልም አልሰሙትም። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ይህ ድጋሚ ክስ አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ምክንያቱም ውሉ ራሱ «ካፈረስክ ክሱ ይመለሳል» ይላል። የሞት ፍርዱ ኋላ በሌላ ምክንያት ተሽሯል። ግን አስቡት፤ ሁሉም ነገር የዞረው «ግዴታዬ መቼ ያበቃል?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው።

ውሉ ዐቃቤ ሕግንም ያስራል። በ1971 ሳንቶቤሎ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ «ይህን ያህል ይቀጣ ብዬ ሐሳብ አላቀርብም» ብሎ ቃል ገባ፤ የተካው ሌላው ከፍተኛውን ቅጣት ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ቃሉ መከበር አለበት አለ።

«ከተቀጣሁ በኋላ ዲፖርት ማድረግ ሁለተኛ ቅጣት ነው፣ አይችሉም»

ይችላሉ። ከአገር ማስወጣት በሕጉ ዓይን የወንጀል ቅጣት አይደለም፤ ስለዚህ ከድጋሚ ክስ የሚጠብቀው አንቀጽ አያግደውም። ግሪን ካርድ ላለው ወገናችን ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው።

የሆንዱራስ ተወላጁ ፓዲያ አሜሪካ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል፣ ቬትናም ዘምቷል። በከባድ መኪናው ማሪዋና ሲያጓጉዝ ኬንታኪ ላይ ተያዘ። ጠበቃው «ብዙ ዓመት ስለኖርክ አያሳስብህ» አለው፤ እሱም ዲሉን ተቀበለ። ምክሩ ስህተት ነበር። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ደንበኛውን ስለዚህ አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ሌላም አለ፦ ዳኛው «ጥፋተኛ» ብሎ ባይመዘግብህም፣ ጥፋትህን አምነህ እንደ ፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ ሆኖ በክትትል የሚፈጸም ቅጣት) ያለ ነገር ከተጣለብህ ኢሚግሬሽን እንደተፈረደብህ ይቆጥረዋል።

«ነፃ ብወጣም ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ይላል»

ይህ ፍርሃት ከአገር ቤት የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ በነፃ መለቀቅ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ጁሪ «ጥፋተኛ አይደለም» ካለ በከሰሰህ መንግሥት በኩል አለቀ፤ ቢሳሳት እንኳ። ጁሪው መስማማት አቅቶት ከተበተነ ግን እንደገና መከሰስ አለ።

ተከሳሹ ራሱ ይግባኝ ብሎ ዲሉን ካሰረዘም ነገሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዲሉ ምክንያት ተሰርዘው የነበሩት ከባድ ክሶች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይመለሳሉ።