ጥልቅ ባሕር ውስጥ ስለሚኖሩ ተሕዋስያን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ባሕር የጣሉበትን ሁሉ ይበላል» የሚል እምነት አለ። ጥልቁ ውሃ ግን ቶሎ አይበላም፤ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን (እንደ ባክቴሪያ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን) እዚያ ሥራቸው ዝግ ይላል። በ1968 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልቪን የተባለችው የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ ወደ ባሕር ስትወርድ ገመዷ ተበጠሰ። አትላንቲክ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ሰጠመች። ሰዎቹ ወጥተው ተረፉ፤ ምሳቸው ግን አብሯት ወረደ። ሳንድዊች፣ ፖም፣ ሾርባ። ከ10 ወር በኋላ ስትወጣ ዳቦው በውሃ ርሷል እንጂ አልበሰበሰም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያንኑ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጡት በጥቂት ሳምንታት ተበላሸ! ስለዚህ ያቆየው ቅዝቃዜው ብቻ አልነበረም። የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው ሆልገር ያናሽ ይህን ለማጣራት ምግብ በጠርሙስ እያደረገ ጥልቅ ባሕር ውስጥ አስቀመጠ። እዚያ የመበስበሱ ፍጥነት ላብራቶሪ ውስጥ ካለው ከ10 እስከ 100 እጥፍ ያነሰ ነበር። ቆሻሻን ጥልቅ ባሕር ውስጥ መጣል መፍትሔ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

«ውሃውን ቀድቶ ላብራቶሪ ውስጥ መመርመር ይበቃል።» ይህኛው የባለሙያዎችም ስህተት ነበር። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት፣ ምድር ላይ የምንሸከመውን የአየር ግፊት ያህል ጫና ይጨመራል። ከ4,000 ሜትር የተቀዳ ውሃ መርከብ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ጫና ይለቀዋል፤ ባክቴሪያዎቹም ጠባያቸው ይለወጣል። በ2022 የወጣ የቪየና ተመራማሪዎች ጥናት ሥራቸውን እዚያው ጥልቁ ውስጥ ለካ። ከ1,000 ሜትር በታች ያለው ትክክለኛ እንቅስቃሴ፣ ያለ ጫና ከሚለካው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የባሕሩን የካርቦን ሒሳብ (ባሕሩ ምን ያህል ካርቦን እንደሚይዝና እንደሚለቅ) ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

«ፀሐይ በሌለበት ምግብ የለም» የሚለው በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ፣ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ፈረሰ። እዚያ ባክቴሪያዎች ከባሕሩ ወለል ከሚፈልቅ ፍል ውሃ ጋር በሚወጣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ (የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ) ኃይል ምግብ ይሠራሉ። አፍም ሆድም የሌላቸው ትልልቅ ትሎች በእነሱ ይኖራሉ።

የመጨረሻው «ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል» የሚለው ነው። በጃፓናዊው ዩኪ ሞሮኖ የሚመራ ቡድን ከደቡብ ፓስፊክ ወለል ሥር እስከ 101.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ደለል አወጣ። ውስጡ ለነበሩት ተሕዋስያን ምግብ ሰጣቸው። በሉ፤ ተባዙም።