«የድሮዎቹ ምን ያዙና ነው!» ስለ አሜሪካ ፉትቦል ተቀባዮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የታንክስጊቪንግ ሐሙስ እህቴ ቤት እንሰበሰባለን። ቴሌቪዥኑ ከቀን እስከ ማታ ፉትቦል ላይ ነው። ትልልቆቹ ቡና ላይ ናቸው። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ቁጥር እየጠሩ ይከራከራሉ። ባለፈው ጊዜ ስለ ድሮ ተጫዋቾች ሳወራ የአሥራ ስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ሰማኝና «ጋሼ፣ የድሮዎቹ ምን ያዙና ነው!» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። እኔም እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ይህች አባባል ትከነክነኛለች፤ በጣም የማከብራቸውን ሰዎች ታሳንሳለችና። ያን ማታ የነገርኩትን፣ ሰዓት አጥሮኝ ያልነገርኩትንም ጨምሬ እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ሮጦ የሚይዘው ሪሲቨር ነው፤ እኔ ተቀባይ እለዋለሁ። ስንት ኳስ ያዘ፣ በያዘው ኳስ ቡድኑ ስንት ያርድ ገፋ፣ ስንት ተችዳውን አገባ የሚለው ይመዘገባል። ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ተችዳውን ኳሱን የተጋጣሚ መስመር ማሳለፍ ነው፤ 6 ነጥብ አለው።

«ድሮ ኳስ መቀበል የሚባል ነገር አልነበረም»

ግማሹ እውነት ነው። ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ዋናው ሊግ፣ ይፋ ቁጥር መያዝ የጀመረው በ1932 ነው። በዚያ ዓመት ከሁሉም በላይ ኳስ የያዘው የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ሬይ ፍላኸርቲ ነበር። ስንት ያዘ? 21። የውድድር ዘመኑን ሙሉ ማለት ነው። በዲሴምበር 13 ቀን 2009 የዴንቨሩ ብራንደን ማርሻል በአንድ ቀን፣ በአንድ ጨዋታ 21 ይዟል።

ይህን ሲያይ ማንም ሰው «በቃ፣ ድሮ ቀላል ነበር» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እስከ 1933 ድረስ ወርዋሪው ኳሱን ለመወርወር ቢያንስ 5 ያርድ ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት። ኳሱም ወፍራም ነበር። እንደ ዛሬው ቀጠን ብሎ ለእጅ የሚመች እንዲሆን ሕጉ የተስተካከለው በ1934 ነው። እና በዓመቱ ዶን ሃትሰን መጣ።

ሃትሰን ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ1935 እስከ 1945 ለግሪን ቤይ ፓከርስ ተጫወተ። በ1942 በ11 ጨዋታ ብቻ 74 ኳስ ያዘ፣ 1,211 ያርድ ገፋ፣ 17 ተችዳውን አገባ። አሁን ከእሱ ቀጥሎ ያሉትን እዩልኝ። በኳስ ብዛት ሁለተኛ የወጣው ሰው 27 ነው የያዘው። በያርድ ሁለተኛው 571፣ በተችዳውን ሁለተኛው 8። በሦስቱም ተከታዩን ከእጥፍ በላይ ጥሎት ሄደ! እንዲህ ያለ ልዩነት በየትኛውም ስፖርት ቢሆን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

«በ1942ማ ግማሹ ተጫዋች ጦር ሜዳ ነበር» የሚሉ አሉ። ብዙዎች መዝመታቸው እውነት ነው። ግን ሃትሰን አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ በፊትም በያዘው ኳስ ብዛት አራት ጊዜ ሊጉን መርቷል። በጠቅላላው ስምንት ጊዜ። ያውም ተቀባይ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ልማድ ተከላካይ ሆኖም ይጫወት ነበር፣ በእግሩም ይመታ ነበር። በኦክቶበር 7 ቀን 1945 ዲትሮይት ላይ በአንድ ሩብ ብቻ 29 ነጥብ አስቆጠረ። አራት ተችዳውን፣ አምስት ደግሞ በእግሩ የጨመራቸው ነጥቦች። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጦ «በአንድ ሩብ?» አለ። አዎ፣ በ15 ደቂቃ።

ጡረታ ሲወጣ 99 ተችዳውን ነበረው። ያን ቁጥር ያለፈ ሰው የተገኘው በ1989 ነው፤ የሲያትሉ ስቲቭ ላርጀንት። 44 ዓመት ቆየ ማለት ነው።

«23 ከ22 ይበልጣል»

በሒሳብ ይበልጣል። ራንዲ ሞስ በ2007 23 ተችዳውን ተቀብሎ አገባ፤ ሪከርዱ እስካሁን የእሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የጄሪ ራይስ ነው፣ 22፣ በ1987። ልጆቹ ስለ ሞስ ሲያወሩ የሚዘሉት ነገር አለ። በ1987 ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መትተው ስለነበር ራይስ የተጫወተው 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ሞስ 16 ተጫውቷል። በ1987 ከራይስ ቀጥሎ የወጣው ሰው ደግሞ 11 ነበር ያገባው፤ ልክ ግማሹን። ለእኔ ከሁለቱ የሚያስደንቀኝ የራይስ ነው። ሞስን ለማሳነስ አይደለም፤ ጨዋታው ሲካፈል የሚወጣው ይህ ነው።

የያርዱም ነገር እንዲሁ ነው። የአንድ ዓመት ሪከርድ የካልቪን ጆንሰን ነው፤ በ2012 በ16 ጨዋታ 1,964 ያርድ። በአንድ ጨዋታ ወደ 123 ይደርሳል። ግን በ1982፣ ያኔም አድማ ነበር፣ የሳንዲዬጎው ዌስ ቻንድለር በ8 ጨዋታ 1,032 ያርድ ገፋ። በአንድ ጨዋታ 129! ዓመቱ ስላጠረ ብቻ በሪከርድ ዝርዝሩ አናት ላይ አታገኙትም።

ሌላው ቻርሊ ሄኒገን ነው። ሉዊዚያና ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። ያኔ የኤንኤፍኤል ተቀናቃኝ በነበረው ኤኤፍኤል ለሂውስተን ኦይለርስ ሲጫወት፣ ወደዚያ ኑሮ እንዳይመለስ ራሱን ለማስታወስ የመምህርነት ደመወዙን ወረቀት የራስ ቁሩ ውስጥ ለጥፎ ይገባ ነበር ይባላል። ያቺን ወረቀት ግንባሩ ላይ አድርጎ በ1961 በ14 ጨዋታ 1,746 ያርድ ገፋ። በ1970 ሁለቱ ሊጎች ሲዋሃዱ ቁጥሩም አብሮ ገባ፤ እስከ 1995 የደፈረው አልነበረም። «የኤኤፍኤል ቁጥር አይቆጠርም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይቆጠራል በሉት።

«ብዙ ያርድ ያለው ብዙ ተችዳውን አለው»

የለውም። ከላይ ያልኩት የካልቪን ጆንሰን 1,964 ያርድ ስንት ተችዳውን አስገኘለት? 5 ብቻ። ደጋግሞ መስመሩ አፍ ላይ እየደረሰ ይጣል ነበር።

ማይክ ቭሬብልን ደግሞ ከጎኑ አስቀምጡት። ኋላ አሰልጣኝ የሆነው ሰው ነው። ሥራው መከላከል ነበር፤ ኳስ መቀበል ጨርሶ የእሱ ድርሻ አልነበረም። አሰልጣኞቹ ግን መስመሩ ጋ ሲደርሱ አልፎ አልፎ ወደ ማጥቃት ያስገቡታል። ተጋጣሚ ማን ብሎ ይጠብቀው? በመደበኛው ውድድር በሕይወቱ 10 ኳስ ያዘ፤ አሥሩም ተችዳውን ሆኑ። በሁለት ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) ላይ አንዳንድ ያዘ፤ እነሱም ተችዳውን። 12 በ12። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ስህተት መስሎኝ ሌላ ቦታ ሄጄ አጣርቻለሁ።

«የወረወረው ሰው ራሱ አይቀበልም»

ተጋጣሚ ከነካው ይችላል። ብሬት ፋርቭ በ6,300 የተሳካ ውርወራ ነው ሥራውን የጨረሰው። የመጀመሪያዋን የያዘለት ማን መሰላችሁ? ራሱ። በሴፕቴምበር 1992 ከታምፓ ቤይ ጋር ሲጫወቱ ኳሱ በተከላካይ እጅ ተነክቶ ወደ እሱ ተመለሰ፤ ያዘው፤ ወዲያው ጣሉት። 7 ያርድ ወደ ኋላ። በ1997 ደግሞ የሚኒሶታው ብራድ ጆንሰን እንዲሁ የተመለሰችለትን ኳስ ይዞ ሮጦ ተችዳውን አገባ። ወርዋሪውም ተቀባዩም እሱ ሆኖ ተመዘገበ።

«የአንድ ቀን ሪከርድ የሚይዘው ታላቅ ኮከብ ነው»

በአንድ ጨዋታ ብዙ ያርድ የገፋው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ራይስ ይላሉ፣ ሞስ ይላሉ፣ ጆንሰን ይላሉ። ፍሊፐር አንደርሰን የሚላችሁ አታገኙም። በኖቬምበር 26 ቀን 1989 የሎስ አንጀለስ ራምሱ አንደርሰን ኒው ኦርሊንስ ላይ 15 ኳስ ይዞ 336 ያርድ ገፋ። ቡድኑ 17 ለ3 ተበልጦ ከቆየ በኋላ በጭማሪ ሰዓት 20 ለ17 አሸነፈ። አንደርሰን አንድም ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ አልተመረጠም። ጆንሰን በ2013 329 ድረስ ሄዶ ነበር፤ 7 ያርድ አነሰው። በመደበኛ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን የጆንሰኑ ይበልጣል፤ እሱን መካድ አይቻልም።

«ሯጭ ኳስ አይዝም»

ይህን ያለኝ ወንድሜ ነው። የቶኪዮን ኦሊምፒክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ኦክቶበር 1964፣ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ማራቶኑን በ2:12:11.2 ያሸነፈበት። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ስታዲየም የ100 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው ቦብ ሄይስ ይባላል። በ10.0 ሰከንድ፣ በአንደኛው መም፣ በአፈር መሮጫ ላይ።

ብዙ ሰው ሄይስን «ፉትቦል የሞከረ ሯጭ» ይለዋል። ተገላቢጦሽ ነው። በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ይጫወት ነበር። ዳላስ ካውቦይስም ቶኪዮ ከመሄዱ በፊት ነው የመረጡት። በ1965፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ 46 ኳስ ይዞ 1,003 ያርድ ገፋ፣ 12 ተችዳውን አገባ። በአንድ ኳስ ወደ 22 ያርድ ማለት ነው። በሙሉ ዘመኑም አማካዩ 20 ነው። አንድ ለአንድ ሊጠብቁት ስላልቻሉ ቦታ ከፋፍሎ መጠበቅ እንዲበረታ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። የኦሊምፒክ ወርቅም የሱፐር ቦውል የአሸናፊነት ቀለበትም ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው። የፉትቦል ታላላቆች ወደሚከበሩበት የዝነኞች አዳራሽ የገባው ግን በ2009፣ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አነሳና የቶኪዮን የ4 በ100 ዱላ ቅብብል ፈልጎ አወጣ። ሄይስ ዱላውን ሲቀበል አሜሪካ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ልጁ እንደገና አጫወተው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያጫውተው እናቱም ወንድሜም ከጀርባው ቆመው ያዩ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው አልነበረም።