ፖፖች በግጥም፣ በመድረክና በፊልም

የሮማ ካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ በብዙዎቻችን አጠራር ፖፑ፣ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የገጣሚ፣ የሠዓሊ፣ የተውኔት ጸሐፊና የፊልም ሠሪ መነሻ ሆነው ኖረዋል። ይህ የሆነው በሥልጣናቸው ምክንያት ብቻ አይደለም። አንድ አዛውንት በተዘጋ በር ውስጥ ይመረጣል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ነጭ ለብሶ ሰገነት ላይ ይወጣል፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ የቀድሞው ሰው ምን እንደሆነ ከውጭ ማየት ያስቸግራል። ከማዕረጉ ሥር ያለውን ሰው የፈለጉ ሥራዎች ዕድሜ አግኝተዋል። ፖፑን ለማወደስ ወይም ለማዋረድ ብቻ የተጻፉት አብዛኞቹ ግን የዘመናቸው ጭቅጭቅ ሲበርድ አብረው ተረስተዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወሮችና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የሚነሣው የፍሎረንሱ ገጣሚ ዳንቴ አሊጊዬሪ ነው። «መለኮታዊ ኮሜዲ» በተባለው ግጥሙ የሲኦል ክፍል፣ ቅዱሱን ነገር በገንዘብ የሸጡ ሰዎች በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተዘቅዝቀው ተተክለዋል፤ ውስጥ እግራቸው በእሳት ይነዳል። ከእነሱ አንዱ ፖፕ ኒኮላስ 3ኛ ናቸው። ዳንቴ ሲጠጋ አጠገባቸው የቆመው ቦኒፋስ 8ኛ ይመስላቸውና ከጊዜው ቀድሞ በመምጣቱ ይደነቃሉ። ታሪኩ የሚካሄደው በ1300 ነው፤ ቦኒፋስ ያን ጊዜ በመንበራቸው ላይ ነበሩ፣ ያረፉትም በ1303 ነው። ስለዚህ ገና በሕይወት እያሉ የሲኦል ቦታቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። ዳንቴ ቂም ነበረበት፤ በ1302 ከከተማው የተሰደደው ቦኒፋስ የተቃዋሚዎቹን ወገን በመደገፋቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ገጣሚው እዚያው ሲኦል ውስጥ ቆሞ፣ ለጴጥሮስ ቁልፎች ያለው አክብሮት ባይዘው ኖሮ ከዚህ የከፋ ቃል እንደሚናገር ይገልጻል። የፈረንሳይ ንጉሥ ሰዎች በ1303 አናኚ በተባለች የኢጣልያ ከተማ ቦኒፋስን በያዟቸው ጊዜም፣ ክርስቶስ በእንደራሴው አማካይነት ዳግመኛ እንደተያዘ አድርጎ በሐዘን ይጽፋል። ሰውየውን ለእሳት ሰጥቶ መንበሩን አከበረ። ከዚያ በኋላ ስለ ፖፖች ከተጻፈው ውስጥ ይህን ያህል ሚዛን የጠበቀ ጥቂት ነው።

በመካከለኛው ዘመን ሌላም ታሪክ በሰፊው ተወርቷል። ወንድ መስላ የተማረችና እስከ መንበሩ የደረሰች ዮሐና የምትባል ሴት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበረች የሚለው ነው። ታሪኩ በጽሑፍ የታየው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ሐሰት መሆኑን በ1647 በዝርዝር ያስረዳውም ዴቪድ ብሎንዴል የተባለ ፕሮቴስታንት ሊቅ ነው። ልብ ወለድና ፊልም ግን እስከ ዛሬ አልተዉትም፤ የቅርቡ ትልቅ ፊልም በ2009 ወጥቷል።

ዩልዮስ 2ኛ ለጸሐፊ የተመቹ ፖፕ ነበሩ። ራሳቸው ጦር መርተው የዘመቱ፣ ቁጡ፣ ደግሞም ሚኬላንጄሎን የሲስቲን ቤተ ጸሎት ጣሪያ እንዲሥል ያዘዙ ናቸው። በ1513 ካረፉ በኋላ፣ በአብዛኛው የሆላንዳዊው ሊቅ የኤራስመስ ነው የሚባል የጸሐፊው ስም ያልሰፈረበት ምልልስ ተሠራጨ። በምልልሱ ፖፑ በመንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቆመው ክፈቱልኝ ይላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይዝታሉ፤ ጴጥሮስ ግን አያውቃቸውም፣ አይከፍትላቸውምም። በ1965 በወጣው የሆሊውድ ፊልም ደግሞ ሬክስ ሃሪሰን እኚህኑ ፖፕ ሆኖ ከሚኬላንጄሎ ጋር ይጨቃጨቃል። በጣሪያው ሥራ መዘግየት የሚናደዱ፣ ግን የሚሠራው ነገር ከእሳቸው ዕድሜ እንደሚበልጥ የገባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከምልልሱ ይልቅ ፊልሙ ለሰውየው የቀረበ ይመስለኛል።

በሥዕል በኩል የዲዬጎ ቬላስኬዝን ያህል ደፍሮ የገባ የለም። በ1650 የሣላቸው ኢኖሰንት 10ኛ ቀይ ለብሰው፣ ፊታቸው ቀላ ብሎ፣ ተመልካቹን በጥርጣሬ ያያሉ። ፖፑ ሥዕሉን አይተው እውነትነቱ በዛ አሉ ይባላል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ብሪታኒያዊው ሠዓሊ ፍራንሲስ ቤከን ይህንኑ ሥዕል መነሻ አድርጎ የሚጮኹ ፖፖችን ደጋግሞ ሣለ፤ ከሁሉ የታወቀው የ1953ቱ ነው። ቤከን የሠራው ከመጽሐፍ ላይ ባየው ቅጂ ነው። በ1954 ሮም ሄዶ እንኳ ዋናውን ሥዕል ሳያይ ተመለሰ።

ከመድረክ ሥራዎች ሁሉ ግን እኔ የማስበልጠው በጀርመናዊው ተውኔት ጸሐፊ በቤርቶልት ብሬክት «የጋሊሊዮ ሕይወት» ውስጥ ያለውን አንድ አጭር ትዕይንት ነው። ኡርባን 8ኛ ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ራሳቸውም ሂሳብ የሚያውቁ ሰው ናቸውና፣ ጋሊሊዮን አሳልፈው እንደማይሰጡ በጽኑ ይናገራሉ። ጋሊሊዮን የሚከሰው የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት ምርመራ ችሎት ካርዲናል ይከራከራቸዋል፤ አልባሾቹ ልብስ በልብስ ላይ ይደርባሉ፤ ከውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል። ልብሱ ተሟልቶ ሲያልቅ እምቢታቸውም ያልቃል። ጋሊሊዮ እንዳይሠቃይ፣ የማሠቃያው መሣሪያ ግን እንዲታይ ይፈቅዳሉ። ተመልካቹ የሚያስብ ሰው በጨርቅ ሥር ሲሰወር ዓይኑ እያየ ነው፤ ሆኖም ፖፑ እንደ ጭራቅ አልቀረቡም።

ሮልፍ ሆክሁት በ1963 በምዕራብ በርሊን ያሳየው ተውኔት ከዚህ ይለያል። በናዚ ዘመን ስለ አይሁድ እልቂት በግልጽ አልተናገሩም ብሎ ፒዮስ 12ኛን በስም ይከሳል። ተውኔቱ በየአገሩ ተቃውሞና ክርክር ቀሰቀሰ፤ የታሪክ ተመራማሪዎችንም እስከ ዛሬ የሚያከራክር ጥያቄ አነሣ። ቫቲካን የእኚህን ፖፕ ዘመን መዛግብት ለተመራማሪዎች የከፈተችው በ2020 ነው። ጥያቄው መነሣቱ ተገቢ ነበር። እንደ ድራማ ግን ክሱ ሰውየውን ውጦታል፤ ዝም ያሉበት ውስጣዊ ምክንያት ምን እንደሆነ ተመልካቹ ሳያገኘው ይወጣል።

ሲኒማ ገና ጨቅላ ሳለ፣ በ1898፣ ሊዮ 13ኛ በካሜራ ፊት ተቀርጸዋል። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ የልብ ወለድ ፊልሞች ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ከታሪክ ቀድመው ይገኛሉ። በ1968 አንቶኒ ክዊን ከሶቪየት እስር ቤት የተፈታ ፖፕ ሆኖ ተወነ፤ በ1978 ካርዲናል ካሮል ቮይቲዋ ከኮሚኒስቷ ፖላንድ ተመርጠው ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ተባሉ። በ2011 የፊልም ሠሪው ናኒ ሞሬቲ፣ ፖፕ ሆነው ተመርጠው ሳለ ሰገነቱ ላይ መውጣት የከበዳቸውን፣ በመጨረሻም አልችልም ያሉትን አዛውንት አሳየ፤ በየካቲት 2013 ቤኔዲክት 16ኛ መንበራቸውን ለቀቁ። በ2016 የፓኦሎ ሶሬንቲኖ ተከታታይ ድራማ ጁድ ሎውን አሜሪካዊ ፖፕ አድርጎ አቀረበ፤ በ2025 ሊዮ 14ኛ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ፖፕ ሆኑ። ይህ ትንቢት አይደለም። ጸሐፊዎቹ ተቋሙ የቱ ጋ እንደጠበበው አስተውለው ጻፉ፤ የጠበበው ቦታም በጊዜው ተከፈተ።

የቤኔዲክት መልቀቅ «ሁለቱ ፖፖች» የተባለውን የ2019 ፊልም ወለደ። አንቶኒ ሆፕኪንስና ጆናታን ፕራይስ ቤኔዲክትንና ተተኪያቸውን ፍራንሲስን ሆነው የሚያደርጉት ረጅም ጭውውት በአብዛኛው የደራሲው ፈጠራ ነው፤ ይህን ሳያውቁ እንደ ታሪክ ሰነድ የሚያዩት ብዙ ናቸው። ቫቲካን ለልብ ወለድ ፊልም በሯን ስለማትከፍት ሲስቲን ቤተ ጸሎት ሮም በሚገኘው ቺኔቺታ ስቱዲዮ ተሠርቶ ነው የተቀረጸው። በሮበርት ሃሪስ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተው «ኮንክሌቭ» (የፖፕ ምርጫ ጉባኤ) የተባለው የ2024 ፊልምም የተቀረጸው በዚያው ስቱዲዮ ነው። ይህ ፊልም በመጋቢት 2025 ከሌላ ሥራ ተወስዶ በተጻፈ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ዘርፍ ኦስካር አገኘ። ወር ተኩል ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ 21፣ ፖፕ ፍራንሲስ ሲያርፉ የፊልሙ ተመልካች በእጅጉ ጨመረ፤ የምርጫው ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብዙ ሰው ወደ ፊልሙ ሄደ።

ፍራንሲስ በሕይወት ሳሉም ፈጠራ እንደ እውነት የመወሰዱ ነገር ገጥሟቸዋል። በመጋቢት 2023 ወፍራም ነጭ ጃኬት ለብሰው የሚያሳይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭቶ፣ ብዙ ሰው እውነት መስሎት ተቀባበለው።

«ኮንክሌቭ» ላይ የናይጄሪያው ካርዲናል አዴዬሚ ጠንካራ ተፎካካሪ ሆኖ ይቀርባል፤ ከዚያ አንድ የድሮ ጉድ ይወጣበትና ከውድድሩ ይወድቃል። አንድ የሚያለቅስበት ትዕይንት ቢሰጠውም፣ ለሌሎቹ የተሰጠው ውስጣዊ ሕይወት ለእሱ አልተሰጠውም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በጥንት ዘመን እንደ ቪክቶር 1ኛ ያሉ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ፖፖች ነበሯት፤ ዛሬም ምእመኗ በፍጥነት ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ አፍሪካ ነው። በግንቦት 2025ቱ እውነተኛ ምርጫ ድምፅ ከሰጡት 133 ካርዲናሎች መካከል የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳሳት ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ይገኙበታል። እዚህ ከተነሡት ግጥሞች፣ ተውኔቶችና ፊልሞች ውስጥ ግን አፍሪካዊ ፖፕን ዋና ባለታሪኩ ያደረገ አንድም የለም።