ክሮሜል ምንድን ነው?

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ስትገዙ አንዳንዴ ከካርቶኑ ውስጥ ጫፉ እንደ ጤፍ ፍሬ የተድቦለቦለ ቀጭን ሽቦ ይወጣል። ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ይረሳዋል። ሙቀት መለኪያ ነው፤ ቴርሞካፕል ይባላል። ያቺ ፍሬ ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች የተበየዱባት ቦታ ናት። ፖዘቲቩ ሽቦ ክሮሜል ነው።

ክሮሜል 90 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ 10 በመቶ ገደማ ክሮሚየም የያዘ ቅይጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ የሆነው የናይክሮም ዘመድ ነው። አንዱ ያሞቃል፣ ሌላው ሙቀቱን ይናገራል።

የሽቦ አንዱ ጫፍ ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ፣ በመካከላቸው በጣም ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ክሮሜል ግን ለብቻው ሙቀት መለካት አይችልም፣ ጥንድ ይፈልጋል። አሉሜል ከሚባል ሌላ የኒኬል ቅይጥ ጋር ሲጣመር ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ይሆናል፤ በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) ገደማ ይሰጣል። ኮንስታንታን ከሚባል የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ጋር ከሆነ ኢ ዓይነት ነው፤ የሚሰጠው ቮልቴጅም ከፍ ይላል። ኬ የበለጠ የተለመደው ግን ርካሽ ስለሆነና ከ1,200 ዲግሪ በላይ ስለሚዘልቅ ነው። ከሸክላ መተኮሻ ምድጃ እስከ ጄት ሞተር ጭስ መውጫ ድረስ ታገኙታላችሁ።

የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሞክሩት። አዲስ አበባ ላይ 100 ባያሳይ መለኪያውን አትውቀሱ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሁለቱን ሽቦዎች ለመለየት ቀለም አትመኑ። በአሜሪካ ደረጃ ቀዩ ኔጌቲቭ ነው፣ ስንቱን አሳስቷል! ማግኔት አስጠጉ። አሉሜል ይሳባል፣ ክሮሜል ንቅንቅ አይልም።

ክሮሜልን የሚጎዳው ደግሞ የኦክሲጅን መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው። በቂ አየር ካለ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይጠብቀዋል። ከ800 እስከ 1,050 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ መከላከያ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ግን ያለችው ጥቂት ኦክሲጅን ኒኬሉን ትታ ክሮሚየሙን ትበላለች። ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ክፋቱ፣ አይበጠስም፤ መለኪያው ቁጥር ማሳየቱን ይቀጥላል፣ ከእውነተኛው ሙቀት ዝቅ ያለ ቁጥር። ባለምድጃው ገና አልሞቀም ብሎ እሳት ይጨምራል።

ከጠረጠራችሁ ሽቦውን አውጡና ያንኑ ማግኔት አስጠጉ። ክሮሜሉ ከተሳበ ክሮሚየሙ ተበልቷል፤ በአዲስ ቀይሩት።