«ልጅ ላሳደገች ሴት ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋታል?» ስለ ቅድመ ልጅነት ድጋፍ ሥልጠና የምንሳሳታቸው ነገሮች

በእድገቱ የዘገየ፣ ለመስማት የተቸገረ፣ ኦቲዝም ያለበት (ከሰው ጋር መግባባት የሚከብደው) ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን አለ እንበል። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ቶሎ ተለይቶ፣ እሱም ቤተሰቡም ሲደገፉ ቅድመ ልጅነት ድጋፍ ይባላል። በአገራችን ሥራው በብዛት የወደቀው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ በነርሶች፣ በሕፃናት ማቆያ ሞግዚቶች፣ በቅድመ መደበኛና በልዩ ፍላጎት መምህራን ትከሻ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ ሠልጣኝ፣ በኋላ አሠልጣኝ ሆኜ ዓመታት አሳልፌበታለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ሥልጠናው ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። ዋጋቸውን የሚከፍሉት ደግሞ ሕፃናቱ ናቸው።

«ልጅ ላሳደገች ሴት ምን ሥልጠና ያስፈልጋታል?»

ልጅ ማሳደግ ትልቅ እውቀት ነው። ይህን የሚንቅ አሠልጣኝ ገና ከበሩ ተሳስቷል። ግን አራት ልጆች ያሳደገች ሞግዚት በደንብ የምታውቀው እነዚያን አራቱን ነው። አራቱም በጊዜያቸው ድኸው፣ ዳዴ ብለው፣ አፍ ከፈቱ፣ አምስተኛው ሲዘገይ ከምን ጋር ታመዛዝነዋለች?

ሥልጠና የሚጨምርላት ይህንን ነው። 12 ወር ሞልቶት «ባባባ፣ ማማማ» እያለ የማይኮላተፍ ልጅ መታየት አለበት። በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን የነበረውን ያጣ ልጅ አለ። ባለፈው ወር «እማ» ይል የነበረ ልጅ ዛሬ ዝም ካለ፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን፣ ቀን ሳይቆጠር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር»

ይህን ከእናቶች ብቻ የምሰማው ቢሆን ባልከፋኝ። ከሠልጣኞችም እሰማዋለሁ። እውነት ነው፣ ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ብለው ይናገራሉ። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። ዓመታት ለመጠበቅ ምክንያት አይሆንም።

መስማት የማይችል ሕፃንን አስቡት። በዘርፉ የታወቀው መለኪያ እንዲህ ይላል፦ በ1 ወር ውስጥ የመስማት ምርመራ፣ በ3 ወር ችግሩን ማረጋገጥ፣ በ6 ወር ድጋፍ መጀመር። ይህ አቅም የሌለን ቦታ ብዙ ነው። መለኪያው ግን ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይነግረናል። እስከ 4 ዓመቱ «ያድግበታል» የተባለ ልጅ የሚያጣው ድምፅ ብቻ አይደለም። ቋንቋ የሚባለውን ነገር ሁሉ፣ የምልክት ቋንቋንም ጭምር፣ በደንብ የሚይዝበት ጊዜ ያልፈዋል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ቀን ሠልጣኞቹ ራሳቸው በሚያምኑት ነገር ላይ የማሳልፈው። እርግማን ነው የሚል አለ። ቡዳ በልቶት ነው የሚል አለ። የእናትየው ኃጢአት ነው የሚልም አለ። ማንም አይሳቅበትም። ሁሉም ይነገራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እናየዋለን። በልቡ ያላመነበትን ነገር ለእናት የሚነግር ባለሙያ ፊቱ ላይ ይታወቅበታልና።

እና ደግነት ራሱ ጊዜ ያቃጥላል። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ማለት ይቀለናል፤ እናትየውም ቀለል ብሏት ትሄዳለች። በሥልጠናው የምንለማመደው ቃል ሌላ ነው፦ «አይዞሽ፣ አብረን እንየው።»

«ይህ የስፔሻሊስት ሥራ ነው»

ጃማይካ፣ ኪንግስተን ከተማ ውስጥ በ1980ዎቹ የተሠራ ጥናት አለ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሳሊ ግራንትሃም ማክግሪጎርና ባልደረቦቿ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸውን 129 የቀነጨሩ ሕፃናት መዘገቡ። ለከፊሎቹ ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመት ሰው ተላከ። የተላኩት ሐኪሞች አልነበሩም። የሠፈር ጤና ረዳቶች ነበሩ። ቤት ውስጥ ባለ ነገር የተሠራ መጫወቻ ይዘው ሄደው እናትና ልጅ እንዲጫወቱ አገዙ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች አድገው ሲጠየቁ፣ ገቢያቸው የጨዋታ ድጋፉን ካላገኙት ቀንጭረው ከነበሩ እኩዮቻቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። የሳምንት አንድ ሰዓት ጨዋታ!

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፓኪስታኑ ነው። በሲንድ ክፍለ ሀገር 1,489 እናቶችና ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ሥራውን የሠሩት «ሌዲ ኸልዝ ወርከርስ» የሚባሉት፣ ከእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር በጣም የሚመሳሰሉ ሴቶች ናቸው። እነሱም በዕለት ሥራቸው ላይ የጨዋታና የንግግር ምክር ጨመሩበት፤ በልጆቹ እድገት ላይም ለውጥ መጣ።

እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከጀመረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ፣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከበር በር የሚዞር ሰው አለን። ቤተሰቡ ያውቃታል፣ ውሻው እንኳ አይጮህባትም። የሚጎድላት ዲግሪ አይመስለኝም።

«ሥልጠና ማለት አዳራሽ፣ ፓወርፖይንትና ሰርተፊኬት»

ሆድ የሚያስብሰኝ ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያ ሥልጠናዬ ሦስት ቀን ነበር። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ እረፍት፣ በመጨረሻው ቀን አበልና ሰርተፊኬት። ደብተሬን ሞላሁ። በሦስቱ ቀን ውስጥ አንድም ልጅ ወደ ክፍሉ አልገባም። በሳምንቱ አንዲት እናት ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለበት የ2 ዓመት ልጅ አቅፋ መጣች። ሰውነቱ ግትር ብሏል። እያጠባሁት ትን ይለዋል፣ ሲበላም ያንቀዋል አለችኝ። ደብተሬ ውስጥ የሴሬብራል ፓልሲ ዓይነቶች በሙሉ ተጽፈዋል። ልጁን እንዴት አድርጌ እንደምይዘው ግን አላውቅም ነበር። እናቱ ወደ ኋላ አንጋላ ነበር የምታጎርሰው። አንገቱ ወደ ኋላ ሲወድቅ ምግቡ ወደ ሳንባ መሄድ ይቀለዋል። ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ ነው። ይህን የተማርኩት ከወራት በኋላ፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት እጄን ይዞ ሲያሳየኝ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን እኔ ሳሠለጥን ከምሳ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይገባሉ። ምንጣፍ እናነጥፋለን። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት የልጆች እድገት እንክብካቤ ሥልጠናም እንዲሁ ከእውነተኛ እናትና ልጅ ጋር መለማመድን ያካትታል። አካሄዱ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ እናትና ልጅ እንዴት እንደሚጫወቱ ዝም ብለሽ እይ። በትክክል ያደረገችውን አንድ ነገር አመስግኚ። ከዚያ አንድ ነገር እንድትሞክር ጋብዣት። አጠገቧ ሆነሽ ጠብቂ።

ዝም ብሎ ማየቱ ነው ሰውን የሚከብደው። አንዲት ጎበዝ ሠልጣኝ ነበረችን። እናትየው ባቄላ የተጨመረበት ጣሳ ይዛ ስታመነታ፣ ሠልጣኟ ቀማቻትና «እንዲህ አድርጊ» ብላ ኮሽ ኮሽ አደረገችው። ልጁ ፊቱን አዞረና እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ። ሠልጣኟን እጆችሽን ጭንሽ ሥር አድርገሽ ቁጭ በይ አልኳት። ጣሳው ተመለሰ። እናትየው ቀስ ብላ ነቀነቀችው። ልጁ አንድ ዓይኑን ብቅ አደረገ። ደግማ ነቀነቀችው፣ እጁን ዘረጋ። ሠልጣኟ እጇ ጭኗ ሥር እንዳለ «አየሽ? ከአንቺ ነው የሚፈልገው» አለቻት። እናትየው ሳቀች። ያን ቀን ፓወርፖይንት ቢኖርስ ምን ይጨምር ነበር?

አዳራሹ የሥልጠናው መጀመሪያ ብቻ ነው። በወሩ ውስጥ አንድ የሚያውቅ ሰው ከሠልጣኟ ጋር ቤት ለቤት ካልሄደ፣ የተማረችው እንደ ጉም ይበናል። ድጋፋዊ ክትትል የሚባለው ለዚህ ነበር። ነገር ግን ክትትል የሚያደርገው ሰው የያዘው ቼክሊስት ላይ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ብቻ ተጠይቆ ስለ ጨዋታ አንድ ጥያቄ ከሌለ፣ ባለሙያዋም ምን እንደሚቆጠርላት ታውቃለች። ኦቲዝም ወይም የእድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። በኢትዮጵያም ተስማሚ እንዲሆን ተሠርቶ ተሞክሯል። ሦስቱን የቤት ጉብኝት «በጀት የለም» ብሎ የሚቆርጥ ካለ፣ የሥልጠናውን ልብ አውጥቶታል።

«ባለሙያው ከልጁ ጋር ይሠራል፣ እናት ውጭ ትጠብቃለች»

እስቲ እንቁጠር። አንድ ሕፃን በቀን 12 ሰዓት ያህል ነቅቶ ቢውል በሳምንት 84 ሰዓት ነው። ባለሙያው የሚያገኘው ከዚያ ውስጥ አንዱን ሰዓት ነው። 83ቱ ገላ ሲታጠብ፣ ሲጎርስ፣ ቡና ሲወቀጥ፣ እሹሩሩ ሲባል ያልፋሉ። ስለዚህ ባለሙያው መሠልጠን ያለበት እናትን፣ አባትን፣ አያትን ማገዝ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ልጅን ከማከም የተለየ ሙያ ነው። አዋቂን ሰው ሳያሳፍሩ ማስተማር ይጠይቃል።

ወላጅ የሚያውቀውን አትናቁ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሕክምና ሰው አልነበሩም። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ። በአማርኛ ፊደላት ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

«መጫወቻውም መመዘኛውም ከውጭ መምጣት አለበት»

መጫወቻውን ተዉት። ጣሳ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጨርቅ ኳስ ይበቃል። መመዘኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዴንቨር ቱ የሚባለው የልጆች እድገት መመዘኛ 125 ጥያቄዎች አሉት፤ የተሠራው ለአሜሪካ ልጆች ነው። ጅማ ላይ ተመራማሪዎች ለአካባቢው ልጆች አስተካክለው፣ የዕድሜ ልኩንም በዚያው ልጆች ላይ አውጥተው «ዴንቨር ቱ ጅማ» አደረጉት። ያላየውን ዕቃ ባለማወቁ ልጅን «ዘገየ» ማለት ግፍ ነው።

«ሠልጥኛለሁ፤ ስለዚህ ኦቲዝም ነው ማለት እችላለሁ»

አይቻልም። መለየት አንድ ነገር ነው፣ የበሽታውን ስም ማውጣት ሌላ ነው። የአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚሰጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በችኮላ የወጣ ስም እናትየውን ያስደነግጣል፣ ሠፈር ውስጥ ይዞራል፣ ስህተት ከሆነም አይመለስም።

ሪፈር (ልጁን ወደ ሐኪም የምትልኪበትን ወረቀት) ስትጽፊ ያየሽውን ጻፊ። «ዕድሜ 22 ወር። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራሁት፣ አልዞረም። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ግን ዞሯል። በጣት አያመለክትም። እናቱ ከ18 ወሩ ወዲህ ሁለት ቃላት መተዉን ትናገራለች።» ይህን ያነበበ ሐኪም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ከዚያ ወረቀቱን ሰጥተሽ አታሰናብቻት። የት ሆስፒታል እንደምትሄድ፣ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ለትራንስፖርት እንዳላት፣ ሌላው ልጅ ማን ጋ እንደሚቀር ጠይቂያት። የስልክ ቁጥሯን ያዢ፣ ቀጠሮው ባለፈ ማግስትም ደውይላት።